አይፈነዳም ትምህርት ቤት ሲመርጥ

የሆስፒታሉ ሰው በሙሉ «አይፈነዳም» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት እትዬ ካዝና ናቸው። እሳቸውም በተራቸው ስማቸውን ያገኙት የሆስፒታሉ ገንዘብ ያዥ ስለሆኑና የካዝናውን ቁልፍ ከአንገታቸው ስለማያወልቁ ነው። እትዬ ካዝና ሰው አይፈሩም፤ ዳይሬክተሩን ራሱን «ደረሰኝ ሳይዙ ፊቴ አይቁሙብኝ» ብለው የሚመልሱ ሴት ናቸው። ኮምፒውተር ግን ይፈራሉ። ስክሪኑ ላይ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ብቅ ባለ ቁጥር እጃቸውን ከማውሱ ላይ ያነሡና ስልክ ይደውሉለታል። እሱም ላብራቶሪ ይሁን ራጅ ክፍል፣ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሞም ቢሆን፣ መልሱ ያው ነው፦ «ይጫኑት እትዬ፤ አይፈነዳም።» እንዲህ ሲላቸው፣ ሲላቸው ዓመታት አለፉ፤ ስሙም እዚያው ተለጠፈበት።

አይፈነዳም ኮምፒውተር የተማረበት ትምህርት ቤት የለም። ሆስፒታሉ የገባው በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኝነት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች በካርቶን ታሽገው ሲመጡ ሁሉም ዙሪያውን እየዞረ ከማየት በቀር ካርቶኑን ለመክፈት የደፈረ ጠፋ። እሱ ከፈተ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የተሰበረ፣ የተንቀራፈፈ፣ ያለ ወትሮው ድምፅ ያሰማ ዕቃ ሁሉ የእሱ ሆነ። ዛሬ ሃምሳን ተሻግሯል፤ በሆስፒታሉ ግድግዳ ውስጥ የትኛው ኬብል በየት በኩል እንደሚያልፍ ዓይኑን ጨፍኖ ያሳያል።

አንድ ክፉ አመል ግን አለው፤ እሱ እንኳ የሥራ ደንብ ነው የሚለው። ቁም ስቅሉን ሳያሳየው ሥራ ላይ የሚያውለው ዕቃ የለም። አዲስ ፕሪንተር ሲመጣ የተጨማደደ ወረቀት ያጎርሰዋል፤ እያተመ እያለ ሶኬቱን ይነቅልበታል። አዲስ ፕሮግራም ሲመጣ ዕድሜ በሚሞላበት ቦታ ስም፣ ስም በሚሞላበት ቦታ ቁጥር ይጽፍበታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሻጩን የእርዳታ መስመር የሚፈትንበት መንገድ ነው። ስልክ ይደውልና ኮምፒውተር በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ሰው ሆኖ የሚያነሣውን ምስኪን ያንገላታዋል። ያልተቆጣ ያሸንፋል። ይህ ደንብ ሆስፒታሉን ከብዙ ጣጣ አድኖታል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ችግሩ የመጣው ደንቡን ወደ ራሱ ሕይወት ያዞረው ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአስተዳደር ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ አስቀመጠውና ሆስፒታሉ ራሱን የቻለ የአይቲ ክፍል ሊያቋቁም መሆኑን ነገረው። ክፍሉ ኃላፊ ያስፈልገዋል፤ ኃላፊው ደግሞ ዲግሪ ያስፈልገዋል። አይፈነዳም ይህን ሲሰማ ወሽመጡ ተቆረጠ። የአስተዳደር ኃላፊው ግን ደግ ሰው ነበርና ቦርዱን ለምኖ «ወይም በመማር ላይ ያለ» የምትል ቃል አስጨምሮለት ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ፣ አርብ ሥራ እስኪዘጋ ድረስ፣ የምዝገባ ማስረጃ ይዞ ቢመጣ ቦታው የእሱ ነው። ካላመጣ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከውጭ ሰው ይቀጠራል፤ አይፈነዳምም የገዛ ኬብሎቹን ከእንግዳ ሰው ፈቃድ እየጠየቀ ሊነካ ነው። ይህን ሲያስበው ደሙ ይፈላል።

ሥራ ያለው ሰው ክፍል ገብቶ መማር ስለማይችል በኦንላይን እማራለሁ አለ። ሚስቱ ደስ አላት። እሷ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮንና ፍሬን ለይተው ከማያውቁ ሰዎች ጎን ተቀምጣ የምትውል፣ ነርቯ ከሽቦ የተሠራ ሴት። ዛሬውኑ ተመዝገብ አለችው። እሱም መጀመሪያ ትንሽ ላጣራ አላት። ያቺ «ትንሽ» ወሩን ልትበላው ነው።

አንደኛውን ትምህርት ቤት ድረ ገጹን በሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለው በጣም አሮጌ ኮምፒውተር ከፍቶ ፈተነው። ገጹ ላይ ቆብ የደፉ ተመራቂዎች ፎቶ ነበር። መጀመሪያ ቆቡ መጣ፤ ቀጥሎ ግንባር። አይፈነዳም ምሳውን በልቶ ሲመለስ አፍንጫ ላይ ደርሶ ቆሟል። አገጭ የሌለው ትምህርት ቤት አልማርም ብሎ ሰረዘው።

ሁለተኛው በጽሑፍ የሚያወራ ሮቦት ነበረው። አይፈነዳም ሮቦት መሆኑን ወዲያው ጠረጠረና «ቤቴ እየተቃጠለ ነው፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጻፈለት። ሮቦቱም «በጣም ደስ ብሎናል! ምዝገባ ላይ ነን» ብሎ መለሰለት። እሱም ተሰረዘ።

ሦስተኛው ደግሞ ከነጭራሹ መማር ብዙም አያስፈልግም የሚል ነበር። ከትምህርት ቤቱ የደወለለት ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው፤ እርስዎን የመሰለ ልምድ ያለው ሰው ምን ብሎ ይደክማል፣ ይመዝገቡና ዲግሪዎን በጥቂት ወር ቤትዎ እንልካለን አለው። አይፈነዳም ሽንጡን ገትሮ ተጣላው። የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር፤ በዚህ ላይ ማንም አይወቅሰውም። ግን ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት ሳይሆን ዕረፍት መሆኑን ሚስቱ ልብ ብላለች። እሷ ደግሞ ያየችውን ሁሉ ወዲያው የምትናገር ዓይነት አይደለችም።

አራተኛው ትምህርት ቤት ላይ ነው ጉድ የፈላው፤ ምንም ስህተት አጣበት። ገጹ በምድር ቤቱ ኮምፒውተር ሳይቀር እስከ አገጩ ተከፈተ። የእርዳታ መስመሩን ደወለ፤ አንዲት ሴት አነሣች። አይፈነዳም ድምፁን አጎርንኖ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ሆነና ማውሱ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ጠፋብኝ አላት። ሴትየዋ ገመዱን ይዘው ይከተሉት አባቴ፣ ጫፉ ላይ ያገኙታል አለችው። በማግስቱ ፈሪ ሰው ሆኖ፣ የእትዬ ካዝናን አነጋገር ቃል በቃል ተውሶ ደወለ፤ አንድ ነገር ብነካ የዓለሙ ኮምፒውተር ሁሉ ቢጠፋስ አላት። እሷም ሳትስቅ፣ ሳትቸኩል፣ እስከ ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን ዓለምን አጥፍቶ እንደማያውቅ አስረዳችው። በሦስተኛው ቀን ቁጡ ሆነ። ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሲደክመው ውኃ ይጠጡ፣ እጠብቅዎታለሁ አለችው። አይፈነዳም ስልኩን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሰውን እንዲህ የሚረዳ እሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

አሁን የቀረው የምዝገባውን ፕሮግራም መፈተን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ቁጭ ብሎ የውሸት ተማሪ ፈጠረ። ስም፦ ሙከራ። የአባት ስም፦ ሙከራ። የአያት ስምም ሙከራ፤ የሙያው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የልደት ዘመኑን ገና ያልመጣ ዓመት ሞላ፤ ፕሮግራሙ ገና አልተወለዱም ብሎ መለሰው። ማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ስለሚላክ የራሱን ስልክ ከመስጠት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ኢሜይሉን ግን ለዚሁ ብሎ የከፈተውን፣ ዳግም የማያየውን ሰጠ። ምዝገባው አለፈና የመግቢያ ፈተና ከፊቱ ተዘረጋ።

ፈተናው የሒሳብ ነበር። አይፈነዳም ጥያቄዎቹን ከቁብ አልቆጠራቸውም፤ እሱ የፈለገው ገጹን መስበር ነው። መሐል ላይ የኢንተርኔት ኬብሉን ነቀለ። መልሶ ሲሰካው «ካቆሙበት ይቀጥሉ» አለው። ኮምፒውተሩን ድርግም አድርጎ አጠፋው፤ ሲያበራው አሁንም ካቆሙበት ይቀጥሉ። ሰዓቱን አታለለ፤ አልታለል አለ። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ይሰበር ይሆናል ብሎ ወደ መጨረሻው ለመዝለል ሞከረ፤ ባዶ የተተወ ጥያቄ አላሳልፍም አለው። እያጉረመረመ፣ አንድ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ፣ አንድ እጁን ኬብሉ ላይ አድርጎ የመጣለትን እየሞላ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ገጹ አመስግኖት ውጤቱን በኢሜይል እልክልዎታለሁ አለ። ምንም ሳይሰበር ቀረ። አይፈነዳም ኮምፒውተሩን በንዴት ዘጋው።

ሚስቱ ሥልጠና ጨርሳ ስትገባ ሶፋው ላይ ኩርምት ብሎ አገኘችው።

«እህ፣ አራተኛውስ?» አለችው።

«የመግቢያ ፈተና አለው። ሒሳብ።»

«አየኸው?»

«ለሙከራ አይቼዋለሁ።»

«ከበደህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ኬብል እየነቀልኩ ነበር።»

ሚስቱ ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ስለዚያ ሒሳብ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ገና ሲተጫጩ ነው የነገራት። በወጣትነቱ፣ የማጠናቀቂያ ፈተና ላይ፣ የሒሳቡን ወረቀት ገልብጦ ሲያየው ቁጥሮቹ ተንጫጩበት፤ እጁ ራደ፤ ስሙን እንኳ ሳይጽፍ ባዶውን ወረቀት አስረክቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፈተና በሚባል ነገር ፊት ተቀምጦ አያውቅም። ፈታኝ ሆነ እንጂ ተፈታኝ ሆኖ አያውቅም።

«አንድ ዓይነት ተማሪ አለኝ» አለችው በለሆሳስ። «መኪና ውስጥ ይገባና ወንበሩን ያስተካክላል። ወደፊት ይስበዋል፣ ወደኋላ ይገፋዋል። ስፖኪዮውን ያስተካክላል፣ ይወለውለዋል። ከዚያ እንደገና ወንበሩን። የትኛውም መኪና አይስማማውም። እኔ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ወንበሩ ምንም አልሆነም፤ ሰውየው ሞተሩን ማስነሣት ፈርቶ ነው።»

«እና እኔ እሱ ነኝ?»

«አንተ እኮ ወሩን ሙሉ ወንበር ስታስተካክል ከረምክ።»

አይፈነዳም ተቆጣ። እኔ ለአንድ ፕሪንተር የማደርገውን ጥንቃቄ ለራሴ ባደርግ ምን ነውር አለው ብሎ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ሄደ። ጓዳ ውስጥ የሚሠራው ነገር ስላልነበረው ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ቆመ። አንጀቱን ያሳረረው እውነት መሆኑ ነው። ፈርቷል። ሽማግሌ ሆኖ፣ ቁጡ ሆኖ፣ እትዬ ካዝናን ሆኖ ሲደውል የከረመው እሱን ራሱን ሆኖ ላለመደወል ነበር።

አርብ ደረሰ። አይፈነዳም ከጠዋት ጀምሮ የአራተኛውን ትምህርት ቤት ገጽ ከፍቶ ተቀምጧል። ትክክለኛ ስሙን ሞላ፣ ትክክለኛ ዘመኑን ሞላ፣ ስልኩን ሞላ። «አስገባ» የምትለው ቁልፍ ቀረች። ጠቋሚውን እላይዋ ላይ አደረገና ተወው። ላብራቶሪ ደወሉ፤ ሮጦ ሄዶ ሠርቶ መጣ። ራጅ ክፍል ምንም ሳይደውሉለት ሄዶ ደህና ናችሁ ወይ አላቸው። ምሳ ሰዓት አለፈ። የአስተዳደር ኃላፊው በበሩ ብቅ ብሎ በዓይኑ ጠየቀው፤ እሱም በዓይኑ እየመጣ ነው አለው። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰዓት ያለ ወትሮው ሲቸኩል ታየው።

በዚህ መሐል ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ፤ አላነሣም። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ካዝና ደረጃውን ወጥተው፣ ቁልፋቸው አንገታቸው ላይ እየተንቃጨለ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ገቡ። ኮምፒውተራቸው እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ሊወቅሱት አፋቸውን ሲከፍቱ እሱን አዩት። ከዚያ ስክሪኑን አዩት። ከዚያ ማውሱ ላይ ያለውን ጣቱን አዩ፤ እንዲህ ተሰቅሎ የሚቀርን ጣት ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ተጫነው፤ አይፈነዳም» አሉት።

አላላገጡበትም። ነገሩ እንዲህ በለሆሳስ መባሉ ነው ያሸነፈው። አይፈነዳም ዓይኑን ጨፍኖ ተጫነ።

ሲገልጥ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኗል። «ይህ ስልክ ቁጥር በሌላ ተማሪ ስም ተመዝግቧል። ሊመዘገቡ አይችሉም» ይላል። ሌላው ተማሪ ማን እንደሆነ አይፈነዳም ወዲያው ገባውና ሰማይ ተደፋበት። የገዛ ሙከራው በሩን ከውስጥ ቆልፎበታል።

«ፈነዳ» አለ።

እትዬ ካዝና ወደ ግድግዳው ሰዓት አይተው ስልኩን አንሥተው ሰጡት። እሱ ሰው ሲቸገር የሚያደርገውን እያደረጉ ነበር። ቁጥሩን ደወለ። ያቺው ሴት አነሣች። አይፈነዳም ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሽማግሌውን ሊሆን አማረው፤ ግን ሽማግሌው ለዚህ አይረዳውም። በራሱ ድምፅ ምዝገባ እምቢ አለኝ አላት። እሷም ኮምፒውተርዎን አጥፍተው አብርተውታል ወይ ብላ ጠየቀችው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲያዝዘው የኖረውን መድኃኒት ዛሬ ራሱ ቀመሰው። ችግሩ ያ እንዳልሆነ፣ ችግሩ ሙከራ ሙከራ የሚባል ሰው መሆኑን፣ ሙከራ ሙከራም እሱ ራሱ መሆኑን እየተንተባተበ አወጣው።

በስልኩ ውስጥ ኪቦርድ ሲንኳኳ ተሰማ።

«አባቴ» አለችው ሴትየዋ፣ «ድምፅዎን እኮ አውቀዋለሁ። ማውስ የጠፋብዎት እርስዎ ነዎት፤ ዓለምን እንዳያጠፉ የፈሩትም። ያን ቀን ውኃውን ጠጡት?»

«ጠጣሁት» አለ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«እኛ ደግሞ ሙከራ ሙከራ የሚባል ሰው ጠፍቶብን ስንፈልግ ነው የከረምነው። ኢሜይሉን አይከፍትም፤ ስልኩም ሁልጊዜ እንደተያዘ ነው። የመግቢያ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፏል፤ የሒሳብ መምህሩ ሁለት ጊዜ ደውለው ይህ ልጅ የት ገባ ብለውኛል።»

ያ ሁሉ ዘመን አይፈነዳምን በሕልሙ እየመጣ ያስለቀሰው ሒሳብ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ እጁ ኬብል እንደያዘ አልፎ ሄዷል። ተፈታኙ ሌላ ሰው መስሎት ስለነበር እጁ አልራደም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ስክሪኑ ነው ብሎ አበሰው።

ቀጥሎ የሆነውን ግን መናገር ያሳፍራል። የሰው አመል እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። እንባው ሳይደርቅ አእምሮው ውስጥ የቆየው ፈታኝ ብድግ አለ፤ ሙከራ ሙከራ ሙከራ ብሎ ለሚመጣ ሰው ያለ መታወቂያ ፈተና የሚሰጥ ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው? በመጨረሻ ስህተት ተገኘ! ከባድ ስህተት። የሚሰረዝበት ስህተት። አፉን ከፈተ።

እትዬ ካዝና ምን ሊል እንደሆነ ፊቱ ላይ አነበቡት።

«ስምህን ንገራት» አሉት።

አይፈነዳም ስህተቱን ዋጠው። ከዚያ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ተናገረ። ሴትየዋ የመታወቂያውን ፎቶ አስላከችው፤ ሙከራን ሦስት ቦታ ላይ አጥፍታ እሱን ጻፈች። ማስረጃው በትክክለኛው ኢሜይሉ መጣ። እትዬ ካዝና ፕሪንተሩ ላይ ቆመው ጠበቁት፤ ወረቀቱ ሲወጣ ራሳቸው ይዘው ወደ አስተዳደር ኃላፊው ሄዱ። ኃላፊው ኮቱን ለብሶ በሩን ሊቆልፍ ሲል ደረሱበት። ደረሰኝ ካልሰጠኸኝ አልሄድም ብለው አስፈርመውት ተመለሱ ይባላል።

አይፈነዳም ለሚስቱ ደወለ። ሥልጠና ላይ ነበረች። ከበስተኋላዋ ማርሽ ሲንገጫገጭ፣ አንድ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ይሰማል።

«እሺ፣ ሞተሩን አስነሣኸው?» አለችው።

«ለካ ድሮ ተነሥቶ ኖሯል» አላት። «እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

የሒሳቡን ነገር ነገራት፤ ሁለት ጊዜ ነው የነገራት፣ የመጀመሪያውን ስላላመነችው። ሚስቱ ተማሪዋን ዳር ይዘህ ቁም ስትለው ሰማ። መኪናው ተንገጭግጮ ቆመ። «ሞተሩን እንዳታጠፋው» አለች፤ ለተማሪዋም ለእሱም ነበር።